ድጋፉ የሚጀምርበት በር፦ ከዓለም ከተማ እስከ ዩኒቨርሲቲ ያለው የተማሪ ወጪ

በኢትዮጵያ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመደበኛው መርሐ ግብር የተመደበ ተማሪ በሩ ላይ ገንዘብ አይጠየቅም። ዶርም ያድራል፣ ካፌ ይበላል፣ ክፍል ገብቶ ይማራል። ከወጪው የሚደርስበትን ድርሻ የሚከፍለው ተመርቆ ደመወዝ ማግኘት ሲጀምር ነው። «ወጪ መጋራት»፣ በተማሪው አነጋገር «ኮስት ሼሪንግ»፣ የሚባለው ይህ ሥርዓት በአገሪቱ ካሉት የከፍተኛ ትምህርት ተማሪ ድጋፎች ሁሉ ብዙ ሰው የሚደርሰው ነው። ድጋፍ ሲባል የውጭ አገር ስኮላርሺፕ ብቻ ትዝ ስለሚል ግን ብዙዎች እንደ ድጋፍ አይቆጥሩትም። ከሰሜን ሸዋ፣ ከመርሐ ቤቴ ወይም ከመንዝ የገበሬ ቤት ወጥቶ ደብረ ብርሃን፣ ጎንደር ወይም ጅማ የሚማር ልጅ ያለዚህ ሥርዓት ጉዞውን ባልጀመረው ነበር።

የተማሪ ድጋፍ በዓለም ላይ በሦስት መልክ ይሰጣል። አንደኛው የማይመለስ ስጦታ ነው፤ ስኮላርሺፕና ለችግረኛ ተማሪ የሚሰጥ የኪስ ገንዘብ ከዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛው ብድር ነው። ሦስተኛው በዓይነት የሚቀርብ አገልግሎት ሲሆን ማደሪያን፣ ምግብንና ሕክምናን ያጠቃልላል። የኢትዮጵያው ወጪ መጋራት ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ያዳቀለ ነው። ተማሪው አገልግሎቱን አሁን ያገኛል፣ ዋጋው በስሙ በዕዳ ይመዘገባል።

ከነፃ ትምህርት ወደ ወጪ መጋራት

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ተማሪዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ትምህርቱም ማደሪያውም ምግቡም በመንግሥት ወጪ ነበር። በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋምም መንግሥት ወጪውን መሸፈኑ ቀጠለ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባል መርሐ ግብር ተጀመረና ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመምህርነት፣ እንዲያገለግል ግዴታ ሆነ። ያኔ ተማሪው ለተደረገለት ነገር የሚመልሰው ብድር በጉልበትና በዕውቀት እንጂ በገንዘብ አልነበረም። በደርግ ዘመንም ትምህርቱ ነፃ እንደሆነ ቆየ።

ሁኔታው የተለወጠው የተማሪው ቁጥር ሲያድግ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ የአዲስ አበባና የዓለማያ ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከአርባ በላይ ሆነዋል። ለሰሜን ሸዋ ሰው ቅርብ የሆነው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በ1999 ዓ.ም. ነው። ይህን ሁሉ ተማሪ በመንግሥት ገንዘብ ብቻ ማስተማር እንደማይቻል ሲታመን የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995 ወጣ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91/1995 ተከተለና ወጪ መጋራት በ1996 ዓ.ም. ተግባራዊ ሆነ።

ከሐሳቡ ጀርባ የፍትሕ ክርክርም ነበረ። ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ወጣት ጋር ሲነጻጸር የማይገባው እጅግ ይበዛል፤ የተማረው ደግሞ ካልተማረው የተሻለ ገቢ ያገኛል። ስለዚህ ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያልደረሰለት ገበሬ በሚከፍለው ግብር የሌላው ልጅ ሐኪም ወይም መሐንዲስ የሚሆን ከሆነ፣ ተጠቃሚው ቢያንስ የተወሰነውን መመለስ አለበት ተባለ። አካሄዱ አውስትራሊያ በ1989 እ.ኤ.አ. ከጀመረችው ሥርዓት ጋር ይመሳሰላል። በዚያም ተማሪው የሚከፍለው ከተመረቀ በኋላ፣ ገቢው በፈቀደው መጠን ነው።

አሠራሩ በቁጥር

በደንቡ መሠረት ተማሪው የምግቡንና የማደሪያውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። ለዚህም በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ውል ይፈርማል። አስቀድሞ በእጁ ለሚከፍል 5 በመቶ፣ ሲመረቅ በአንድ ጊዜ ለሚከፍል 3 በመቶ ቅናሽ አለው። የቀረው ተማሪ ሥራ ሲይዝ አሠሪው ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየቆረጠ ለመንግሥት ያስገባል። የእፎይታ ጊዜው ከአንድ ዓመት አይበልጥም፣ የመክፈያው ጊዜም እስከ 15 ዓመት ይደርሳል። በመምህርነት የሚሰማሩ ዕዳቸውን በአገልግሎት የሚያወራርዱበት መንገድ አለ።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ምሩቅ 36,000 ብር ዕዳ ቢኖርበትና የወር ደመወዙ 9,000 ብር ቢሆን በየወሩ የሚቆረጥበት 900 ብር ነው። በ40 ወር፣ ማለትም በሦስት ዓመት ከአራት ወር፣ ዕዳውን ይጨርሳል። ሥራ ካላገኘ ምንም አይቆረጥበትም። ይህ ሥርዓቱ ለድሀ ልጅ የሚያመቸው ዋናው ነጥብ ነው፤ ቤተሰቡ በሬ ወይም መሬት አስይዞ አልተበደረም፣ ዋስም አልጠራም። የዋጋ ንረቱ ሲታሰብም ከዓመታት በፊት በብር የተመዘገበ ዕዳ ደመወዝ ከፍ ባለ ቁጥር እየቀለለ ይሄዳል። ተበዳሪውን ሲጠቅም ገንዘቡን መልሶ ለማግኘት ለሚጠብቀው መንግሥት ግን ኪሳራ ነው።

ዕዳው ራሱን የሚያስታውሰው በሰነድ በኩል ነው። ተመራቂው ክሊራንሱን ጨርሶ ከግቢ ሲወጣ የሚሰጠው ጊዜያዊ ምስክር ወረቀት፣ በተለምዶ «ቴምፖራሪ» የሚባለው፣ ነው። ዋናውን ዲግሪ ለመውሰድ ወይም ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ወደ ሌላ ተቋም ለማስላክ የወጪ መጋራት ክፍያውን ማጠናቀቁን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል። ተቀጥሮ በየወሩ ለሚቆረጥበት ይህ ብዙ አያስቸግርም። ሥራ ሳያገኝ የቆየና ለሁለተኛ ዲግሪ ወይም ለውጭ አገር ትምህርት ሊያመለክት የሚፈልግ ልጅ ግን ያኔ ነው ዕዳውን በአንድ ጊዜ የሚጋፈጠው።

ከበሩ በፊት

ወጪ መጋራት የሚጀምረው ከዩኒቨርሲቲው በር ነው። የብዙ የገጠር ልጅ ጉዞ የሚሰናከለው ግን ከዚያ በፊት ነው። በመርሐ ቤቴ ያለችው ዓለም ከተማ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት።

ከአዲስ አበባ ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደው መንገድ ሙከጡሪ ላይ ይገነጠልና በለሚ በኩል የጀማን ሸለቆ ወርዶ እንደገና ይወጣል። በሌላው በኩል ያለው ወንዝ ወንጪት ነው። በእነዚህ ገደሎች መካከል በተዘረጋው አገር ቀበሌና ቀበሌን የሚያገናኘው አብዛኛውን ጊዜ የእግር መንገድ ነው። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየቀበሌው ቢኖርም ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ብዙው ልጅ ወደ ከተማ መውጣት አለበት። ጠዋት ሄዶ ማታ የማይመለስበት ርቀት ስለሆነም ሁለት ሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ።

የእነዚህ ልጆች የገንዘብ ድጋፍ ስንቅ ነው። ዓርብ ከሰዓት ወይም ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቤት ይሄዳሉ፣ እሑድ ማታ በትከሻቸው ስንቅ ተሸክመው ይመለሳሉ። እንጀራው እስከ ረቡዕ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ድርቆሽ፣ ቆሎና በሶ ነው። ሽሮውና በርበሬው ከቤት ይመጣል፤ ጨው፣ ዘይት፣ ሳሙናና ደብተር ግን በገንዘብ ይገዛሉ። የቤት ኪራዩም በየወሩ ይከፈላል። ገበሬው በእጁ ብር የሚይዘው እህሉ ሲደርስ ወይም ከብት ሲሸጥ ስለሆነ የኪራዩ ቀንና የገበሬው ገንዘብ አይገናኙም። በመንዝ ደጋ በግ የቤተሰቡ ባንክ ነው፤ ትምህርት ሊከፈት ሲል፣ በመስከረም ዋዜማ፣ ከመንጋው አንድ ሁለት ተነጥሎ ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ሞላሌ ገበያ ይነዳል። ዝናብ የቀረበት ዓመት ሲመጣ የመጀመሪያው ቁጠባ ከከተማ ልጅን መመለስ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ቀድማ የምትመለሰው ሴቷ ናት፤ ብቻዋን ተከራይታ መኖሯ ወላጅን ስለሚያሰጋ፣ ቤት ውስጥም ሥራዋ ስለሚፈለግ።

ለዚህ ክፍተት የሚደርሰው እጅ የመንግሥት ብቻ አይደለም። በመርሐ ቤቴ ካርልሃይንዝ በም የመሠረተው «ሰዎች ለሰዎች» የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት በ1980ዎቹ ሥራ ጀምሮ ትምህርት ቤቶችን ሠርቷል፤ በዓለም ከተማ ያለው እናት ሆስፒታልም የእሱ ሥራ ነው። በሙኒክ አጠገብ ያለችው የፋተርሽቴተን ከተማም ከዓለም ከተማ ጋር ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእህትማማችነት ግንኙነት አላት። ትምህርት ቤት ወደ ቀበሌው ሲቀርብ የኪራዩና የስንቁ ወጪ ይቀራል። ስለዚህ በቅርብ የተሠራ አንድ የመማሪያ ክፍል ለብዙ ልጅ በአንድ ጊዜ እንደተሰጠ ስኮላርሺፕ ይቆጠራል። አዲስ አበባና ውጭ አገር ያሉ ተወላጆች የሚያዋጡት ገንዘብ፣ አንድ አጎት ወይም አንዲት አክስት በየወሩ የሚልኩትም ከዚሁ ይመደባል። ትክክለኛ መጠኑን የሚመዘግብ የለም፤ ያለ እሱ ግን ከአሥራ አንደኛ ክፍል የሚያልፈው ያንሳል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት በዚህ ላይ ሌላ ሸክም ጨምሯል። በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል። ትምህርት በሌለበት የተማሪ ድጋፍም ትርጉም አይኖረውም።

በሩ ላይ

የመግቢያው በር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምርና የማለፊያው ነጥብ 50 በመቶ ሲሆን የአላፊው ቁጥር አሽቆለቆለ። ከተፈተኑት ያለፉት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥቂት ለጎደላቸው በዩኒቨርሲቲ የማካካሻ ትምህርት፣ «ሪሚዲያል»፣ ተዘጋጅቶላቸዋል።

ይህ ቁጥር የድጋፍን ጉዳይ ይለውጠዋል። ዩኒቨርሲቲ መግባት የሚወስነው ኪስ ሳይሆን ውጤት ነው ይባላል። ውጤቱ ራሱ ግን ከኪስ ጋር የተያያዘ ነው። ሙሉ መጽሐፍ፣ ቤተ ሙከራ፣ አስጠኚና ኤሌክትሪክ ያለበት ቤት ያለው የከተማ ልጅና በስንቅ እየኖረ በኩራዝ ወይም በሶላር ፋኖስ የሚያጠናው ልጅ አንድ ወረቀት ፊት ይቀመጣሉ። የመንግሥት ድጎማ ለአላፊው ብቻ የሚደርስ ከሆነ፣ ቀድሞ የተሻለ ዕድል ያገኘው ልጅ ድጎማውንም ይወስዳል። ለሴቶችና ለታዳጊ አካባቢዎች ተማሪዎች በመግቢያ ነጥብ የሚደረገው ማስተካከያ ይህን ልዩነት ለማጥበብ የታሰበ ነው። ሆኖም የነጥብ ማስተካከያ ያመለጠን የትምህርት ዓመት አይመልስም።

ከበሩ በኋላ

የተመደበ ተማሪ መጀመሪያ የሚጠየቀው ገንዘብ የትራንስፖርት ነው። ምደባው አገር አቀፍ ስለሆነ የመርሐ ቤቴ ልጅ ጋምቤላ ወይም ጅግጅጋ ሊደርሰው ይችላል። ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ ጫማና ሻንጣ ከቤት ይጠበቃሉ። ግቢ ከገባ በኋላ የሃንድአውት ፎቶ ኮፒ፣ የስልክ ካርድ፣ የንጽሕና ዕቃ፣ ለሴት ተማሪ የወር አበባ መጠበቂያ፣ ለምሕንድስና ተማሪ ካልኩሌተርና የሥዕል መሣሪያ፣ ሥራው በኮምፒውተር ለሆነ ላፕቶፕ ይመጣል። እነዚህ በወጪ መጋራት ውል ውስጥ የሉም።

ምግቡም በቂ ሆኖ አልቆየም። ለአንድ ተማሪ በቀን የሚመደበው ገንዘብ ለዓመታት 15 ብር ነበር፤ በኋላ 22 ብር ሆነ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 100 ብር እንዲሆን ተወሰነ። ከዚህ ውሳኔ በፊት በነበሩት ዓመታት ገበያው ሲወደድ የቀጠነው የካፌው ወጥ ነው። አቅም ያለው «ነን ካፌ» ሆኖ የምግቡን ገንዘብ በእጁ ተቀብሎና ከቤት እየጨመረ ውጭ ይበላል። አቅም የሌለው በካፌው ሰዓት ተሰልፎ የቀረበውን ይበላል፤ ማታ ለሚያጠናበት ዳቦ የሚገዛበት ግን የለውም። ልዩነቱ የሚለካው በጥቂት መቶ ብሮች ነው፤ በውጤት ላይ ግን ይታያል።

ተማሪ ከዩኒቨርሲቲ የሚሰናበተው በአብዛኛው በነጥብ ነው፤ ሬጅስትራሩ የሚጽፈውም «ነጥብ አልሞላም» የሚል ነው። ያ ነጥብ ሊጎድል የሚችልባቸውን ምክንያቶች ግን መዝገቡ አይነግርም። ቤት ታማሚ ስላለ ሁለት ሳምንት የቀረ፣ በሴሚስተሩ መካከል ሥራ ፍለጋ ከግቢ የወጣ፣ የመመለሻ ትራንስፖርት አጥቶ ዘግይቶ የተመዘገበ ይኖራሉ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የፍሬሽማን ዓመት መመለሱ የመጀመሪያ ዲግሪን ቢያንስ አራት ዓመት አድርጎታል። ለትምህርቱ ጥራት የታሰበ ቢሆንም ለቤተሰብ የአንድ ዓመት የኪስ ገንዘብ ጭማሪ ነው።

ይህን ቀዳዳ ለመድፈን በየዩኒቨርሲቲው ያሉ የሥርዓተ ፆታ ቢሮዎችና የተማሪዎች የበጎ አድራጎት ክበባት ለችግረኞች ትንሽ የወር ገንዘብ፣ ልብስና ደብተር ያቀርባሉ። በአማራ ክልል በተሻለ አቅም የተደራጀው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያለው የማስተርካርድ ፋውንዴሽን የተማሪዎች መርሐ ግብር ነው። ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ2017 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ሲሆን ትኩረቱም አካል ጉዳት ያለባቸው ወጣቶች ናቸው። ይህ መርሐ ግብር የኪስ ገንዘብ ከመስጠት አልፎ የትምህርት መርጃ መሣሪያንና ምክርን አንድ ላይ ያቀርባል።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ከአፍሪካ ኬንያ በ1995 እ.ኤ.አ. የከፍተኛ ትምህርት ብድር ቦርድ አቋቁማለች፤ ብድሩን ለሁሉም እኩል ከመስጠት ይልቅ የቤተሰብን አቅም እየመዘነች ታበድራለች። ደቡብ አፍሪካ በ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የዓመት ገቢያቸው ከ350,000 ራንድ በታች ለሆነ ቤተሰቦች ልጆች ብድሩን ወደ ስጦታ ለመለወጥ ወሰነች።

አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አካባቢ፣ በ1944 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ፣ ከጦርነቱ ለሚመለሱ ወታደሮች የትምህርት ወጪ በመሸፈን ጀምራ፣ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ለዝቅተኛ ገቢ ተማሪዎች የማይመለስ ስጦታ ትሰጣለች። ከዚያች አገር የተገኙ ሁለት ጥናቶች ለኢትዮጵያ አንባቢ የሚጠቅም ነገር ይዘዋል። በአንደኛው፣ ተመራማሪዎቹ ለቤተሰቦች ገንዘብ ሳይጨምሩ የድጋፍ ማመልከቻ ቅጹን በመሙላት ብቻ እንዲረዱ አደረጉ። ኮሌጅ የገቡት ልጆች በ8 መቶኛ ነጥብ ገደማ ከፍ አሉ። በሁለተኛው፣ በዊስኮንሲን ግዛት ለችግረኛ ተማሪዎች በዓመት 3,500 ዶላር በዕጣ ተሰጠ፤ በጊዜው የተመረቁት ከ16 በመቶ ወደ 21 በመቶ አደጉ። አንደኛው ጥናት ድጋፍ መኖሩ ብቻ እንደማይበቃ፣ ተማሪው ማወቅና መድረስ እንዳለበት ያሳያል። ሁለተኛው ደግሞ ትንሽ የሚመስል ገንዘብ ተማሪውን ከማስገባት በላይ እንደሚያስመርቀው ያሳያል።

ሁለቱም ነገሮች በሰሜን ሸዋ ይሠራሉ። የስኮላርሺፕ ማስታወቂያ የሚወጣው በኢንተርኔት ነው፤ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቀበሌ ያለ ተማሪ የሚሰማው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። አንድ መምህር ወይም አንድ የተመረቀ ታላቅ ወንድም ቁጭ ብሎ ቅጹን ቢያስሞላው ገንዘብ እንደሰጠው ያህል ረድቶታል።

ወደፊት

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ወጪ መጋራትን አስቀጥሏል። በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ የሚሆኑበት መንገድ ተከፍቷል፤ የመጀመሪያው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ራስ ገዝነት ተቋሙ የራሱን ገቢ እንዲፈልግ ይጠይቃል። ከፋይ ተማሪ መቀበልም አንዱ የገቢ መንገድ ነው። አካሄዱ እየሰፋ ሲሄድ ለመክፈል የማይችለው ማን እንደሆነ መለየትና የእሱን ወጪ ማን እንደሚሸፍን መወሰን ግድ ይሆናል። እስካሁን ወጪ መጋራት ለባለሀብቱም ለገበሬውም ልጅ በአንድ ውል ሲሠራ ስለቆየ ይህን የመለየት ልምድ አገሪቱ ገና አላዳበረችም። የቀበሌ የድህነት ማስረጃ ወረቀት ብቻውን ይህን ሥራ አይሠራም።

ወጪ መጋራት በራሱ ጉዳይ ተሳክቶለታል፤ ገንዘብ የሌለው ልጅ ፈተናውን ካለፈ ዩኒቨርሲቲ ከመግባት አልቀረም። የጎደለው ከበሩ ወዲህና ወዲያ ያለው ነው። ከበሩ በፊት፣ ከገጠር ቀበሌ ወደ ዓለም ከተማ፣ ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ራቤል ወጥተው ለሚማሩ ልጆች የኪራይና የምግብ ድጋፍ ወይም የተማሪ ማደሪያ የለም ማለት ይቻላል። ከበሩ በኋላ የኪስ ወጪ በቤተሰብ በግና በዘመድ ልግስና ላይ ተንጠልጥሏል። ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ እንኳ ወደ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ቢወርድ፣ በበሩ ላይ የሚቆመው የገበሬ ልጅ ቁጥር ይጨምራል። እስከዚያው ድረስ የዓለም ከተማ ተማሪ ስኮላርሺፕ እሑድ ማታ በትከሻው የሚመጣው ስንቅ ነው።